በቤሊንገር ወንዝ የኤሊዎች እልቂት፦ ምርመራው ሳያልቅ የተወሰደ እርምጃ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በዱር እንስሳት ላይ የሚገባ ወረርሽኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ጉዳቱን ካደረሰ በኋላ ነው። ሬሳ ይገኛል፣ ናሙና ይላካል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ግን እንስሳቱ ያልቃሉ። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት በቤሊንገር ወንዝ በ2015 የተፈጠረው ሁኔታ ወደዚያው እያመራ ነበር። የተለየ ያደረገው አንድ ውሳኔ ነው፤ ገዳዩ ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ ጤነኛ የሆኑ ኤሊዎች ከወንዙ ወጥተው ወደ ለይቶ ማቆያ ተወሰዱ። ዛሬ ስለዚህች ኤሊ ማገገም መናገር የተቻለው በአብዛኛው በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

በሥራው የተሳተፉ ሰዎችን በስም አልጠራም። ተቋማቱ በይፋ የሚታወቁ ስለሆኑ ስማቸው ተጠቅሷል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሊዋና ወንዙ

ኤሊዎች ራሳቸውን በሁለት መንገድ ይሸሽጋሉ። አብዛኞቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ቅርፊቱ ውስጥ ይስባሉ። ሌሎቹ ግን አንገታቸውን ወደ ጎን አጥፈው ከቅርፊቱ ጠርዝ ሥር ያስጠጉታል። እነዚህ አንገታቸውን ወደ ጎን የሚያጥፉት ዛሬ የቀሩት በደቡባዊው የዓለም ክፍል በሚገኙ አህጉራት ሲሆን፣ በአውስትራሊያ፣ በኒው ጊኒና በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩት ኬሊዴ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ማዩኬሊስ የዚህ ቤተሰብ አንድ ወገን ነው። ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ የተሰየመው በ2009 ሲሆን፣ ሁሉም ዝርያዎቹ በምሥራቅ አውስትራሊያ ወንዞች የሚኖሩ የንጹሕ ውኃ ኤሊዎች ናቸው። አንዱ ዝርያ ከሰሜን ኩዊንስላንድ እስከ ሰሜን ኒው ሳውዝ ዌልስ ተሰራጭቶ ይገኛል። የቀሩት ግን በጠባብ ቦታ የተወሰኑ ናቸው። ሁለተኛው ወደ ምዕራብ የሚፈሱ ጥቂት ወንዞች ራስጌ ላይ፣ ሦስተኛው በማኒንግ ወንዝ፣ አራተኛው ደግሞ በቤሊንገር ወንዝ ብቻ ይኖራል። የማኒንግና የቤሊንገር ኤሊዎች በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ለረጅም ጊዜ የቅርብ ዘመዳሞች መስለው ነበር። የዘረመል ምርመራ ግን በዝምድና የተራራቁ መሆናቸውን አሳየ። አንዳንድ ተመራማሪዎች የማኒንጓን በሌላ ወገን እስከመመደብ ደርሰዋል። ይህ ለጥበቃ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው፤ የቤሊንገር ኤሊ ብትጠፋ «የምትመስላት አለች» ተብሎ ከሌላ ወንዝ የሚተካ የለም ማለት ነው።

የቤሊንገር ኤሊ ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1997 ነው፤ ማዩኬሊስ ጆርጀሲ ትባላለች። ወንዙ ከታላቁ ከፋይ የተራራ ሰንሰለት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይወርድና ኡሩንጋ አጠገብ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባል። ረጅም ወንዝ አይደለም። ኤሊዋ የምትመርጠው ውኃው የጠራና ወለሉ ድንጋያማ የሆነበትን፣ ወንዙ ረጋ ብሎ የሚጠልቅበትን ኩሬ ነው። ከድንጋዮቹ መካከል አከርካሪ የሌላቸውን ትንንሽ የውኃ እንስሳት ትለቅማለች፤ ወደ ውኃው የሚወድቅ ፍሬም ትበላለች። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ የቅርፊቷ ርዝመት ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን እውነት የዕድገቷ ፍጥነት ነው። ሴት ኤሊ እንቁላል ለመጣል ስምንት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 25 የሚደርሱ እንቁላሎችን በወንዙ ዳር አፈር ውስጥ ትቀብራለች። ብዙዎቹን ቀበሮና አርጃኖ ቆፍረው ይበሏቸዋል። ስለዚህ ዝርያው የሚቆየው በየዓመቱ ብዙ ጫጩት በማሳደግ አይደለም። አንዲት አዋቂ ሴት ለብዙ ዓመታት በሕይወት ቆይታ ደጋግማ በመውለዷ ነው። አዋቂዎቹን የሚገድል ነገር የዝርያውን መሠረት ይነካል።

ከወረርሽኙ በፊት በወንዙ ላይ ቆጠራዎች ተደርገው ነበር። የኤሊዎቹ ብዛት ከ1,600 እስከ 4,500 እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር። ሰፊ ግምት ነው፤ ግን ምንም ከሌለ እጅግ ይሻላል።

የተፈጠረው ችግር

በፌብሩዋሪ 2015 በወንዙ ላይ በታንኳ ይጓዙ የነበሩ ሰዎች የሞቱና በመሞት ላይ ያሉ ኤሊዎችን አይተው አሳወቁ። ባለሙያዎች ሲደርሱ ያገኙት ምልክት በሁሉም ላይ ተመሳሳይ ነበር። የዓይን ቆባቸው አብጦ ዓይናቸው ተከድኗል። ከአፍንጫቸው ንጹሕ ፈሳሽ ይወርዳል። አንዳንዶቹ ቆዳ ላይ ፈዛዛ ቡናማ ቁስል አለ። የኋላ እግራቸው ደክሟል ወይም ጨርሶ አይታዘዝም። ሰውነታቸው መንምኗል። ኤሊ ሰው ሲቀርባት ወደ ውኃው ጠልቃ የምትሰወር እንስሳ ናት። እነዚህ ግን የሚቀርባቸውን የማያዩ፣ ቢያዩም መሸሽ የማይችሉ ሆነው በዳርቻው ላይ ይገኙ ነበር።

በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ400 በላይ ኤሊዎች ሞተው ወይም በጣር ላይ ሆነው ተገኙ። ይህ በዓይን የታየው ብቻ ነው፤ በጥልቁ ኩሬ ውስጥ የሰመጠውን የቆጠረ የለም። ምልክቱ የታየበት እንስሳ ሲድን አልታየም ማለት ይቻላል። ሞቱ ካቆመ በኋላ በተደረገ ግምት በወንዙ ውስጥ የቀሩት ወደ 200 ገደማ ነበሩ። አብዛኞቹም ለመውለድ ያልደረሱ ወጣቶች ናቸው።

በሕመሙ አካሄድ ውስጥ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታዩ ነበር። የመጀመሪያው፣ የሚሞቱት አዋቂዎቹ እንጂ ትንንሾቹ አልነበሩም። ሁለተኛው፣ በዚያው ወንዝ የሚኖሩ ሌሎች የኤሊ ዝርያዎች በዚህ ሁኔታ ሲያልቁ አልታየም። ሦስተኛው፣ ሕመሙ የተጓዘው ወደ ወንዙ ራስጌ፣ ማለትም ውኃው ከሚፈስበት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። ወንዝ ውስጥ እንስሳ በብዛት ሲሞት የሰው ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መርዝ ነው፤ የእርሻ ኬሚካል ወይም የሆነ ቦታ የፈሰሰ ነገር ይጠረጠራል። የፈሰሰ መርዝ ግን ከውኃው ጋር ወደ ግርጌ ይወርዳል፤ ዳገት አይወጣም። አንድን ዝርያ ብቻ መርጦ፣ ከዚያም ውስጥ አዋቂውን ብቻ ለይቶ መግደልም አይሆንለትም። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ገና በሜዳ ላይ ከነበረው ምልከታ ብቻ፣ ነገሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ሕመም ሳይሆን እንደማይቀር መገመት ይቻል ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ፣ የእንስሳት ጤናና የዱር እንስሳት ባለሙያዎች የጋራ የአደጋ ምላሽ ቡድን አቋቋሙ። የአካባቢው ነዋሪ ያየውን እንዲያሳውቅ ተጠየቀ። የታመሙት ተሰብስበው ተመረመሩ፤ የማይድኑት እንዳይሠቃዩ በሰላም እንዲሞቱ ተደረገ።

ምርመራው በሲድኒ ታሮንጋ መካነ አራዊት ባለው የዱር እንስሳት ጤና መዝገብ ማዕከልና በክፍለ ግዛቱ የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ ተካሄደ። ውኃው ተመረመረ። መርዝ፣ ባክቴሪያ፣ ጥገኛ ተሕዋስያንና ኤሊዎችን በመግደል የሚታወቁ ቫይረሶች አንድ በአንድ ተፈተሹ። አንዱም አልተገኘም። የሬሳ ምርመራው ግን የት መፈለግ እንዳለበት ጠቆመ፤ ኩላሊት፣ ጣፊያና የእንባ ዕጢ በጽኑ ተቆጥተው ነበር። አብጦ የተዘጋው ዓይን ከውጭ የሚታየው ገጽታ ብቻ ነበር፤ ገዳዩ ጉዳት ያለው በውስጥ አካላት ላይ ነው።

ቆይቶ ከታመሙት ኤሊዎች አካል ተወስዶ በላቦራቶሪ በተመረተ ሕዋስ ውስጥ አንድ ቫይረስ ማደግ ጀመረ። የዘረመል ንባቡ ሲታይ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ኒዶቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ኒዶቫይረሶች ኮሮናቫይረሶችን ጭምር የሚይዝ ትልቅ ምድብ ናቸው። ይኸኛው ቅርብ ዝምድናው በእባቦች ላይ ከተገኙ ኒዶቫይረሶች ጋር ነው። የቤሊንገር ወንዝ ቫይረስ የሚል ስም ተሰጠው። የቫይረሱ ዘረመል በተጎዳው የኩላሊትና የእንባ ዕጢ ክፍል ውስጥ በቀጥታ መታየቱ ዋናው ማስረጃ ሆነ። ሙሉው ጥናት የታተመው በ2018 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ እንመለስ። ከላይ የተገለጸው የቫይረስ ግኝት የመጣው ዘግይቶ ነው። የሕመሙ ግንባር ወደ ወንዙ ራስጌ እየገፋ በነበረበት ጊዜ ባለሙያዎቹ የያዙት ዕውቀት ከላይ የዘረዘርኳቸው ሦስት ምልከታዎችና ቀድሞ የተሠራው ቆጠራ ብቻ ነበር። በኤፕሪል 2015 ሕመሙ ገና ካልደረሰበት ከላይኛው የወንዙ ክፍል ጤነኛ የሚመስሉ አዋቂ ኤሊዎች ተያዙ። ቁጥራቸው ከሃያ በታች ነው። በቀጥታ ወደ መካነ አራዊት አልተወሰዱም፤ መጀመሪያ ከሌሎች ተሳቢ እንስሳት ተለይተው በዌስተርን ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በለይቶ ማቆያ ተቀመጡ። በ2016 ጤንነታቸው ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ታሮንጋ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከወንዙ በሕይወት ከተረፉት ወጣቶች መካከል የተወሰኑት ተይዘው ሲምቢዮ በሚባል ሌላ የዱር እንስሳት ፓርክ ሁለተኛ መንጋ ሆኑ።

ውሳኔው ቀላል እንዳልነበር መረዳት ያስፈልጋል። ከተያዙት አንዷ ምልክት ሳይታይባት ሕመሙን ይዛ ቢሆን ኖሮ የቀሩትን ሁሉ በአንድ ገንዳ ውስጥ ልትጨርሳቸው ትችል ነበር። ምን እየፈለጉ እንደሆነ ስለማይታወቅም በምርመራ አጣርቶ መለየት አይቻልም። የነበረው መከላከያ ከቦታው ምርጫ፣ ከርቀት፣ ለይቶ ከማቆየትና በትዕግሥት ከመጠበቅ አላለፈም። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚያን አዋቂዎች በወንዙ ውስጥ መተው፣ እየቀረበ ላለው ሕመም አሳልፎ መስጠት ነበር። ሁለቱን አመዛዝነው የመጀመሪያውን አደጋ መረጡ። ትክክለኛ ምርጫ ነበር ብዬ የማምነው ውጤቱ ስላማረ ብቻ አይደለም። ቢሳሳቱ የሚያጡት ያለዚያም የሚሞቱትን ነው፤ ቢሳካላቸው ግን የሚያተርፉት ዝርያውን ነው።

የሠራው

በ2016 እና 2017 መካከል በነበረው የመራቢያ ወቅት በታሮንጋ ወደ ሃያ ያህል ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ከዱር የተያዘ አዋቂ ኤሊ በአዲስ ቦታ እንዲህ ቶሎ መውለዱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። በየዓመቱ እርባታው ቀጠለ። በኖቬምበር 2018 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወጣት ኤሊዎች ወደ ቤሊንገር ወንዝ ተመለሱ። ከመለቀቃቸው በፊት በጤና ምርመራ አለፉ፤ ከተለቀቁም በኋላ በትንንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ክትትል ተደረገላቸው። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ ዓመታት ሌሎች ቡድኖች ተለቅቀዋል።

እንቁላሉን ከአርጃኖና ከቀበሮ አፍ አድኖ፣ ጫጩቷን ቅርፊቷ እስኪጠነክር ድረስ አሳድጎ መልቀቅ ማለት በተፈጥሮ አብዛኞቹ የሚጠፉበትን ዕድሜ ማሻገር ነው። ቀስ ብሎ ለሚያድግ እንስሳ ይህ ዘዴ ጊዜን ያሳጥራል።

መንጋውን በሁለት ተቋም መክፈሉም ጥሩ ሥራ ነው። በአንድ ቦታ እሳት፣ ሕመም ወይም የመሣሪያ ብልሽት ቢደርስ ሁሉም አብሮ አይጠፋም።

ሌላው የሠራው ነገር የአካባቢው ሰው ነው። ወረርሽኙን መጀመሪያ ያየው ተቆጣጣሪ ሳይሆን በታንኳ የሚጓዝ ሰው ነበር። ይህ ንቃት በዚያው አልቀረም። በ2017 ቤሊንገን ሪቨርዎች የሚባል የበጎ ፈቃደኞች እንቅስቃሴ ተጀመረ፤ ነዋሪዎችና ተማሪዎች በወንዙ የተለያዩ ቦታዎች የውኃውን ጥራት በቋሚነት ይለካሉ። የሙቀት መጠን፣ የኦክስጅን ይዘትና የውኃው መጥራት ወይም መደፍረስ በተከታታይ ከተመዘገበ የሚቀጥለው ችግር ሲመጣ «ቀድሞስ እንዴት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኖራል።

ያልሠራው

የታመሙትን ማዳን አልተቻለም። ይህን ሳልሸፋፍን መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የተረፉት ኤሊዎች ታሪክ ሲነገር የሞቱት ይረሳሉ። የአንድ ወንዝ አዋቂ ኤሊዎች በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ፣ ለዓመታት የኖሩና ለዓመታት ይወልዱ የነበሩ እንስሳት፣ በጥቂት ሳምንታት አለቁ። ለኒዶቫይረሱ የተዘጋጀ መድኃኒት አልነበረም። ክትባትም የለም።

ቫይረሱ ከየት እንደመጣ የታወቀ ነገር የለም። በወንዙ ውስጥ ቀድሞ ኖሮ የሆነ ለውጥ ቀስቅሶት ይሁን ወይም ከውጭ ገብቶ፣ መልሱ ክፍት ነው። ትንንሾቹ ለምን እንደተረፉም እንዲሁ። መልስ የሌለው ጥያቄ በሜዳ ሥራ ላይ ዋጋ አለው፤ መንገዱ ካልታወቀ በየት በኩል እንደሚዘጋ አይታወቅም።

ከሕመሙ ጎን ለጎን ሌላ ችግር ገዝፎ ወጣ። በወንዙ ውስጥ የመሪ ወንዝ ኤሊ የምትባል ሌላ አንገቷን ወደ ጎን የምታጥፍ ዝርያ አለች፤ በዚያ ወንዝ የምትፈልገው ምግብና ቦታ ከቤሊንገሯ ጋር ይቀራረባል። ሁለቱ ተዳቅለው የተገኙበት ሁኔታ ቀድሞም ተመዝግቧል። የአንዱ ዝርያ አዋቂዎች ሲያልቁ የቀሩት የራሳቸውን ዓይነት ተጓዳኝ የማግኘት ዕድላቸው ይቀንሳል፤ የመዳቀል ዕድሉ በዚያው ልክ ይጨምራል። ወረርሽኙ ካቆመ በኋላ ይህ ችግር አብሮ አላቆመም። በእርባታ የሚገኙ ኤሊዎችን መልቀቅ ብቻውን አይፈታውም።

ሕጋዊ ጥበቃም ዘግይቶ ነው የተጠናከረው። ዝርያዋ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች ተብላ በክፍለ ግዛትም ሆነ በአገር ደረጃ የተመዘገበችው በ2016፣ ማለትም ከእልቂቱ በኋላ ነው። በአንድ አጭር ወንዝ ብቻ የሚኖር ዝርያ፣ ቁጥሩ በሺዎች ቢሆን እንኳ፣ አንድ ክፉ ወቅት ሊጨርሰው እንደሚችል አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

ለሌላ ቦታ የሚሆን ትምህርት

መጀመሪያ ልጽፍ የምፈልገው ስለ ምልከታ ነው። ሬሳ ሲገኝ ናሙና መላክ ግዴታ ነው፤ ግን ውጤቱ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ግዴታ አይደለም። የትኛው ዝርያ ሞተ? የትኛው ተረፈ? አዋቂው ነው ትንሹ? ትናንት የት ነበር፣ ዛሬ የት ደረሰ? ወደ ራስጌ ነው ወደ ግርጌ? እነዚህን ለመመለስ ካርታ፣ ማስታወሻ ደብተርና በየቀኑ በወንዙ ዳር የሚሄድ ሰው ይበቃል። በቤሊንገር ጤነኛ ኤሊዎች የት ሊገኙ እንደሚችሉ የጠቆመው ይህ ዓይነቱ መረጃ ነው።

ቀጥሎ የቀድሞው ቆጠራ አለ። ማንም ስለ ወረርሽኝ ባላሰበበት ዘመን ወንዙ ውስጥ ገብተው ኤሊ የቆጠሩት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ 400 ሬሳ ብዙ ይሁን ጥቂት ማወቅ አይቻልም ነበር። ለጥበቃ ሥራ ገንዘብ ሲመደብ እንዲህ ያለው ተራ ቆጠራ መጀመሪያ የሚቀነስ ነገር ነው። በዚህ ጉዳይ ግን የአደጋውን ልክ ያሳየው እሱ ነው።

መጠባበቂያ መንጋ ለማቋቋም ለሚያስብ ሰው የቤሊንገር ቅደም ተከተል ሊወሰድ የሚችል ነው፤ ሕመሙ ካልደረሰበት ቦታ መያዝ፣ ሌላ ተሳቢ እንስሳ በሌለበት ለይቶ ማቆየት፣ ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ፣ ከዚያ መንጋውን በሁለት ቦታ ማራባት። መሥራቾቹ ጥቂት ከሆኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የትኛዋ ከየትኛው እንደወለደች መመዝገብ አለበት። ጎበዝ ወላድ የሆነች አንዲት ሴት ጫጩቶች ወንዙን ቢሞሉት ቁጥሩ ያምራል፣ የዘረመል ስብጥሩ ግን ይጠባል። በሲምቢዮ የተቀመጡት ወጣቶች ከወረርሽኙ በኋላ በዱር ከተረፉት የተወሰዱ መሆናቸው በዚህ ረገድ ይጠቅማል፤ መሠረቱን አስፍቶታል።

ጊዜን በተመለከተ የሚመለከታቸው ሁሉ ከመነሻው ሊስማሙ ይገባል። በ2017 የተፈለፈለች ሴት ራሷ እንቁላል ለመጣል የምትደርሰው እጅግ ቢፈጥን በ2025 አካባቢ ነው። ከእሷ የሚወለደው ትውልድ ለመውለድ ሌላ ስምንት ዓመት ይጠብቃል። በሦስትና በአራት ዓመት የሚታቀድ በጀት ከዚህ ጋር አይገጥምም። በመካከሉ ደግሞ ወንዙ የራሱ ጉዳይ አለው፤ አካባቢው በ2019 በድርቅ፣ በ2021 እና በ2022 ደግሞ በከባድ ጎርፍ ተመትቷል። የተለቀቁ ወጣት ኤሊዎች እነዚህን ሁሉ ማለፍ ነበረባቸው።

ስለ መልቀቅ የሚነሣው ጥያቄ እስከ አሁን ከባዱ ነው። ቫይረሱ ከወንዙ ጨርሶ ስለመጥፋቱ ማረጋገጫ በሌለበት ቫይረሱን የማያውቅ ኤሊ ወደዚያ መመለስ ተገቢ ነው ወይ? እኔ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በገንዳ ውስጥ በኖሩ ቁጥር ምግብ ከድንጋይ ሥር መልቀምና ጎርፍ ሲመጣ መጠለል የሚያውቁ ኤሊዎች እየቀነሱ ይሄዳሉ። ግን በትንንሽ ቡድን፣ በተለያየ ጊዜና ቦታ፣ እየተከታተሉና እንደገና እየያዙ በመመርመር መሆን አለበት። እስከ አሁን የተደረገውም በዚህ መንገድ ነው። ወረርሽኙን ያመለጡት ትንንሾቹ ነበሩና የተለቀቁት ወጣቶች ትክክለኛው ፈተና የሚገጥማቸው አዋቂ ሲሆኑ ነው። በዚያ ዕድሜ ላይ በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ እያንዳንዳቸውን በየዓመቱ ከኩሬው አውጥቶ ዓይናቸውን፣ ክብደታቸውንና ደማቸውን መመርመር ያስፈልጋል።